መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ ይነገረን፦ ስለሚጥል ሕመም መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ ጤና ጣቢያዎችን ለምታስተዳድሩ የጤና ጽሕፈት ቤቶች፣
በየጤና ጣቢያው መድኃኒት ለምታዝዙና ለምታድሉ ባለሙያዎች፣
ቤት ለቤት ለምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣

የተከበራችሁ የጤና ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ መንደር የምጽፍላችሁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርትና የአንዲት የ17 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ከ9 ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል ሕመም አለባት፤ እነሆ 8 ዓመት ሙሉ መድኃኒት ስትወስድ ኖራለች። የምጽፈው መድኃኒቱን ለመክሰስ አይደለም። መድኃኒቱ ባይኖር ኖሮ ልጄ ዛሬ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት እንደማትሄድ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የምጽፈው በእነዚህ 8 ዓመታት አንድ ሌሊት ልጄን ለሞት ያቃረባት፣ መድኃኒቱ በሰውነቷ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለእሷም ለእኔም ሳይነገረን መቅረቱ ስለሆነ ነው።

ከዚህ በታች በምተርከው ውስጥ የትኛው ጤና ጣቢያ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጠቅስም። የአንድ ተቋም ወይም የአንድ ባለሙያ ጥፋት ነው ብዬ ስለማላምን ነው። በተለያየ ጊዜ በሦስት ቦታ ታክማለች፤ በሦስቱም ያጋጠመን አንድ ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒቷ ፊኖባርቢታል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለሚጥል ሕመም ሲሰጥ የኖረ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነና በአገራችንም ለብዙ ሺህ ሰው የደረሰ መድኃኒት ስለሆነ፣ በእሱ መጀመሯ ስህተት ነበር አልልም። ወረፋዬ ደርሶ ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ፊት ስቆም የተሰጠኝ ግን በትንሽ የወረቀት ከረጢት የገባ ክኒንና በከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ «1×2» ብቻ ነው። «ጠዋትና ማታ» አሉኝ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው በትከሻዬ አሳልፎ ካርዱን ዘረጋ፤ እኔም ወጣሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ክፍል ውስጥ ትተኛ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስታንቀላፋ፣ ስትጠራም ዘግይታ ስትመልስ አስተማሪዋ ስንፍና መሰላትና ከበር ላይ አቆመቻት። እኔም መምህር ሆኜ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንዲህ ብትሆን ምን ሆና ነው ብዬ የምጠይቀው ሰው፣ የራሴን ልጅ «ለምን ትሰንፊያለሽ?» ብዬ ተቆጣሁ። ወር ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ዝምተኛ የነበረችው ልጅ በትንሽ ትልቁ የምትነጫነጭ፣ ወንድሟን የምትመታ፣ ሌሊት የምትቃዥ ሆነች። ጎረቤት «ይዟት ያለው ነገር እየበረታ ነው» ብሎ አዘነልን። ፊኖባርቢታል በልጆች ላይ እንዲህ ያለ መቅበጥበጥና ቁጣ እንደሚያመጣ፣ ማፍዘዙም መድኃኒቱን በመኝታ ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ በመስጠት ሊቀንስ እንደሚችል የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በቀናት ውስጥ ስለሆነ የግድ ጠዋትና ማታ መከፋፈል አያስፈልገውም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረን ሰው ቢኖር ልጄ ሦስተኛ ክፍልን አትደግምም ነበር።

በ13 ዓመቷ ወደ ፊኒቶይን ተዛወረች። እንቅልፉ ጠፋ፤ ተደሰትን። በዓመቱ ገደማ ልጄ ስትስቅ አፏን በነጠላ መሸፈን ጀመረች። የጉርምስና ዓይን አፋርነት መሰለኝ። አንድ ቀን ጥርሷን ስትቦርሽ ከኋላዋ ቆሜ በመስታወት አየሁት፤ ድዷ አብጦ በጥርሶቿ መካከል እንደ ትናንሽ ፍሬ ወርዶ፣ የፊት ጥርሶቿን እኩሌታ ሸፍኗል፤ ብሩሹም ደም ይዞ ነበር። ስታየኝ ውሃውን ከፍታ ለቀቀችውና ፊቷን አዞረች። ይዣት ስሄድ «ጥርሷን በደንብ አትቦርሽም ማለት ነው» ተባልን። የጥርስ ንጽሕና ጉድለት እብጠቱን ማባባሱ እውነት ነው፤ መነሻው ግን ፊኒቶይን ራሱ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ሥራ ላይ ከዋለበት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጥቂት ጊዜ በኋላ ጀምሮ ሐኪሞች የሚያውቁት፣ በተለይ ልጆችና ወጣቶች ላይ የሚበዛ ጉዳት ነው። ከንፈሯ በላይና ጉንጯ ላይ የበቀለው ፀጉርም ከዚያው እንደመጣ ማንም አልነገራትም። ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የክፍል ጓደኞቿ ፎቶ ሲነሱ ከዳር ቆማ እጇን አፏ ላይ የምታደርግ ልጅ።

የሆነውን ያወቅሁት ትራሷን ለማጠብ ልብሱን ስገለብጥ ነው። ከጥግ የተፈታውን ስፌት በነጭ ክር መልሳ ሰፍታዋለች፤ ውስጡ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈትቼ ቆጠርኩ፤ 41 እንክብል ነው። በየማታው በፊቴ አፏ ውስጥ ታደርገዋለች፤ ውሃም ትጠጣበታለች፤ ከዚያ ወደ መኝታዋ ሄዳ ታወጣዋለች። አልዋሸችኝም፤ የሚጠይቃት ሰው ስላጣች የምትችለውን አደረገች እንጂ። እኔም የምጠይቃት «ወሰድሽ?» ብዬ ነበር፤ «ምን አደረገብሽ?» ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

እንክብሉን ባገኘሁ በሁለተኛው ሌሊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጣላት። ከዚህ በፊት በሁለት ደቂቃ ይለቃት የነበረው አልለቅ አለ። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት መጣ፤ ሌላው ጥርሷን በማንኪያ ሊፈለቅቅ ሞከረ፤ ሁለቱንም ከለከልኩና በጎኗ አስተኛኋት፤ ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ። ከ5 ደቂቃ ያለፈ መንቀጥቀጥ በራሱ ላያቆም የሚችል፣ ከቆየም አንጎልን ሊጎዳ የሚችል ድንገተኛ አደጋ እንደሆነ አውቅ ነበር። 9 ደቂቃ ሲሆን ከታች ብሎክ ያለ ጎረቤት መኪናውን አስነሳ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ በመርፌ ነው ያቆሙላት። ሲነጋ ወጣቱ ሐኪም ካርዷን አገላብጦ ወደ እሷ ዞረና፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ፣ «መድኃኒቱ ምን አስቸገረሽ?» አላት። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። አለቀሰችና ከንፈሯን ከፍታ ድዷን አሳየችው።

ያ ሐኪም ያደረገውን በዝርዝር የምጽፈው የምጠይቀው ሁሉ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው። መጀመሪያ የነገራት፣ የሚጥል ሕመም መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ከነበረው የባሰ መንቀጥቀጥ እንደሚያመጣ፣ መድኃኒት ካልተስማማ ግን መለወጥ እንደሚቻል ነው። ቀጥሎ ካርባማዜፒን አዘዘላት፤ አዲሱ በጥቂቱ እየተጨመረ የቀድሞው በጥቂቱ እየተቀነሰ በሳምንታት ውስጥ እንዲቀያየሩ በወረቀት ላይ በቀን ከፍሎ ጻፈላት። ከዚያ እንዲህ አላት፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያዞርሻል፤ ነገር ሁለት ሆኖ ሊታይሽ ይችላል፤ ይህ አያስደንግጥሽ፤ ከበረታ ንገሪን፣ መጠኑን እናስተካክላለን። ነገር ግን ትኩሳት ይዞሽ ቆዳሽ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ አፍሽ ወይም ዓይንሽ ከቆሰለ አንድ ቀን አትደሪ፤ በዚያው ቀን ነይ።

እንዳለውም በሁለተኛው ሳምንት የጥቁር ሰሌዳው ጽሑፍ ሁለት ሆነባት። ማታ መጥታ «እማዬ፣ ሐኪሙ ያለኝ ነገር መጣ» አለችኝ። በድምጿ ፍርሃት አልነበረም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ተናገረች፤ መጠኑ ተስተካከለ፤ መድኃኒቷንም አንድ ቀን አላጎደለችም። ድዷ በወራት ውስጥ እየሸሸ ሄደ። ያው ልጅ ናት፤ ካርባማዜፒንም ጉዳት አለው፤ ፊኒቶይኑን በትራስ ውስጥ የሰፋችውና ካርባማዜፒኑን የታገሠችው በዚህ ልዩነት ብቻ ነው፤ አንዱ አስቀድሞ ተነገራት፣ ሌላው አልተነገራትም።

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ስለ ሽፍታው ትንሽ ልጨምር፤ በሰፈራችን በዚህ ጉዳይ ሰው ሊሞት ይችላል ብዬ ስለምሰጋ ነው። በእኛ ዘንድ ትኩሳትና ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል ስሙ ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቀን እንቀባለን፤ እንጠጣለን፤ ተሸፋፍነን እንተኛለን። ካርባማዜፒን፣ ፊኒቶይን፣ ፊኖባርቢታል ወይም ላሞትሪጂን የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ውስጥ እንዲህ ሲሆን ግን፣ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ቢሆንም ቆዳን እንደ ቃጠሎ የሚገፍ ከባድ የመድኃኒት ጉዳት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ እየቀባ ክኒኑንም እየሰጠ ሦስት ቀን ቢቆይ የሚከተለውን እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስትነግሩን «ሽፍታ ከታየ» ብቻ አትበሉን፤ «ምች የሚመስል ነገር ከመጣ» ብላችሁ ንገሩን። ይህን ማንኛዋም እናት ትረዳዋለች።

ሌላው በሴቶች ላይ ያለው ነው፤ ልጄ እያደገች ስትሄድ እኔንም የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ፊኖባርቢታል፣ ፊኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ፤ በዚህም ምክንያት በየቀኑ የሚዋጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንና በክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ ኃይላቸው ይዳከማል። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ግን በዚህ እምብዛም አይነካም። ቤት ለቤት የምትዞሩ እህቶቼ፣ በክንድ የሚቀበረውን ከማስገባታችሁ በፊት «የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ለብቻዋ አድርጋችሁ ጠይቁ። በሰፈራችን የሚጥል ሕመም ያለባት ሴት ከአማቷ ፊት «አለብኝ» አትልም።

ቫልፕሮየት የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው። ብዙ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያቆማል፤ ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ከ10 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ የአፈጣጠር ጉድለት ያስከትላል፤ ከ10 ከ3 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ ደግሞ የአእምሮ እድገትን ያዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ ምክንያት ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ አሳስቧል። በዚህ መድኃኒት ላይ ያለች ሴት ይህን ከጎረቤት ሰምታ ደንግጣ በአንድ ቀን ብታቆም ራሷንም ፅንሷንም ለሌላ አደጋ ታጋልጣለች፤ ስለዚህ መስማት ያለባት ከእናንተ ነው፤ መስማት ያለባትም ከማርገዟ በፊት ነው። ለፅንሱ አፈጣጠር የሚያስፈልገው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድም፣ አስቀድሞ ይሰጣት።

አሁን ስለ ጾምና ስለ ፀበል የምለውን በቅን ልብ ተቀበሉልኝ፤ እኔም የምጾም ክርስቲያን ነኝ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም የጠዋቱ ክኒን ይዘለላል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን እንዲሁ ይቸገራሉ። የዘለለው ሰው አይናገርም፤ ሲጥለው ደግሞ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ከጾሙ በፊት ብትጠይቁን ሰዓቱን ልታስተካክሉልን ትችላላችሁ፤ በማታ ብቻ ሊወሰዱ የሚችሉት ይታወቃሉ፤ የማይዘለሉትንም ለንስሐ አባታችን እንድንናገር ትመክሩናላችሁ። ፀበል የሚሄድም አለ፤ ሄዶም ክኒኑን ጥሎ የሚመለስ አለ። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ፀበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ያን ጊዜ ስንቱ ሰው እንደተረፈ የምናስታውስ አለን። ለሚጥል ሕመምም ጤና ጣቢያው ከአጥቢያው ካህናት ጋር ተቀምጦ ይህንኑ ቢነጋገር ብዙ ሰው ይተርፋል። የኤች አይ ቪ ነገር ካነሳሁ ዘንድ፣ ዶሉቴግራቪር የሚባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርባማዜፒን ሲታዘዝለት፣ ካርባማዜፒን የዶሉቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንስ የሁለቱ መገናኘት መታየት አለበት፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድም ፊኒቶይንን በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ሰውየውን እንደ ሰከረ ሊያንገዳግደው ይችላል።

ከዳር ሰፈር የሚመጣ ሰው ችግር ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ሜክሲኮ፣ ከዚያም ወደ ትልቁ ሆስፒታል፤ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን ካርድ ክፍል የምንደርሰው ረፋድ ላይ ነው። ደርሰን «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ስንባል፣ ከውጭ የምናገኘው ሌላ ፋብሪካ የሠራው፣ ቀለሙም መጠኑም የተለየ ክኒን ነው። እንደ ፊኒቶይን ያለው መድኃኒት በትንሽ የመጠን ለውጥ ወይ የሚያንስ ወይ የሚመርዝ ስለሆነ፣ ዓይነቱ ሲቀየር «ተቀይሯል፤ መንገዳገድ ወይም የዓይን መንቀጥቀጥ ካያችሁ ቶሎ ተመለሱ» የሚል አንድ ቃል ያስፈልገናል። ቃሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሥራ ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል ሕመም እንዳለበት አሳይተዋል። በየቀበሌያችን ስንት ሰው እንደሚሆን እናንተ ማስላት ትችላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ተመርምሮ ከታከመ እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው ታማሚ መንቀጥቀጡ ሊቆምለት ይችላል። ክኒኑ በትራስ ውስጥ እየተሰፋ ግን ይህ ቁጥር ለእኛ ሰፈር ምን ይጠቅማል?

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። መድኃኒት ለመቀጠል በመጣን ቁጥር ፊርማና ቀጠሮ ከመጻፋችሁ በፊት ታማሚውን ራሱን፣ ልጅም ቢሆን፣ «ምን አስቸገረህ? ምን አስቸገረሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ጻፉ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን ከኋላችን ሃያ ሰው ከሚያዳምጥበት መስኮት ፊት አይደለም፤ በር ያለው ክፍል ይሁንልን፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላም ቢሆን። ፊኒቶይን ለሚጀምር ሰው የጥርስ አቦራረስ ይነገረው፤ ድዱም በየቀጠሮው ይታይ። በከረጢቱ ላይ ከሚጻፈው «1×2» ጋር ደግሞ የመድኃኒቱን ስም፣ የተለመዱትን ጉዳቶች፣ በዚያው ቀን የሚያስመጡትን ምልክቶችና «በራስህ አታቋርጥ» የሚለውን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠን፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፤ የዳር ሰፈር ሰው ሁለቱንም ይናገራልና።

ከታካሚው የምትሰሙትንም በእናንተ ዘንድ አታስቀሩት። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ አለው፤ 8482 የሚባል ነጻ የስልክ መስመርም አለው። እኔ በ8 ዓመት ውስጥ ቅጹ ሲሞላ አንድ ጊዜም አላየሁም። የልጄ ድድ በአንድ መዝገብ ላይ እንኳ አልሰፈረም።

የወረቀቱን ነገር ሥራ ይበዛብናል እንዳትሉ የአራቱን መድኃኒቶች፣ ማለትም የፊኖባርቢታልን፣ የፊኒቶይንን፣ የካርባማዜፒንንና የቫልፕሮየትን ረቂቅ በቀላል አማርኛ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬም ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለሰችው ነው። ልጄ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ለራስዋ ዕድሜ እኩዮች የምትለውን ጨምራበታለች። ያልታረመ ነውና የሚያርመው ሐኪምና ፋርማሲስት እንፈልጋለን። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ጥቅምት 12 ነው፤ ሁለታችንም ረቂቁን ይዘን እንመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአንዲት ታማሚ እናት፣
ቱሉ ዲምቱ